ናክሶስ ላይ ገመዱን አትልቀቂ

ስሚኝማ እህቴ፣ አሠሪዎችሽ ነሐሴን ናክሶስ ሊያሳልፉ ነው፣ ውሻውን በየጠዋቱ የምታንሸራሽሪው ደግሞ አንቺ ነሽ አሉ። ደስ ይበልሽ፤ ከአቴንስ አስፋልት ይሻላል። ግን የደሴት ገጠር መናፈሻ አይደለም፣ የእረኛ አገር ነው። ሻንጣሽን እየሸከፍሽ አድምጪኝ።

ሰዓቱን እንነጋገር። ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሐምሌና ነሐሴን ሲነፍስ ይከርማል፤ ያታልላልም። አንቺን እያቀዘቀዘሽ ውሻው ከሥር ይቃጠላል። እሱ እንደኛ በላብ አይበርድለትም፣ የሚያለከልከው ለዚያ ነው። የእጅሽን ጀርባ መንገዱ ላይ አሳርፊ፤ አንቺን ካቃጠለሽ እሱንም ያቃጥለዋል። ታዲያ ማታ ይሻላል ብለሽ እንዳትወጪ። ግሪክ ውስጥ ካላዛር አለ። አዎ፣ መተማና ሁመራ ለአጨዳ የሚወርዱትን የሚይዘው በሽታ። የተሐዋሲው ዝርያ ይለያል እንጂ የሚያስተላልፈው እዚያም የአሸዋ ዝንብ ነው፤ የሚናደፈውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በሜዲትራኒያን አገሮች ደግሞ ተሐዋሲውን ተሸክሞ የሚኖረው በዋናነት ውሻ ነው። ስለዚህ ዝንቡን የሚያባርር የአንገት ማሰሪያ እንዲገዙለት ንገሪያቸው። ወጪው የእነሱ ነው፤ ከኪስሽ ሳንቲም እንዳታወጪ። እንግዲህ የሚቀርሽ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ጥቂት ጊዜ ነው። በኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ሳይሞላ ቤትሽ ግቢ።

የት ልሂድ ካልሽኝ፣ በደሴቱ መሀል ያለውን የትራጌያን ሸለቆ እመርጥልሻለሁ። የወይራ ጥላ አለው። ከሃልኪ መንደር ተነስተሽ፣ ድሮ በቅሎና አህያ እንዲሄድበት በድንጋይ በተነጠፈው ካልደሪሚ ወደ ሞኒ ስትወጪ ፓናጊያ ድሮሲያኒን ታገኛለሽ። በእመቤታችን ስም የታነጸች፣ ከደሴቱ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። ሳትሳለሚ እንደማታልፊ አውቃለሁ። ውሻውን ጥላ ሥር እሰሪውና ውሃ ስጪው፣ ተሳልመሽ ቶሎ ውጪ። ትከሻሽ ላይ ነጠላ ጣል አድርጊ። ዛስ ተራራ ግን ይቅርብሽ። ከሲክላደስ ደሴቶች ተራሮች ሁሉ ረጅሙ ነው፣ 1,000 ሜትር ያልፋል፤ በነሐሴ ፀሐይ ውሻ ይዞ መውጣት ግፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ግሪኮች ፎላ የሚሉት ነገር አለ፤ መርዝ የተደረገበት ሥጋ ነው። በሕግ የተከለከለ ነው፣ የሚጥል ግን አልጠፋም። ውሻ ስለሚጠላ የሚጥል አለ፣ በጎቼን አስነከሱብኝ ብሎ የሚጥልም አለ። ከቁጥቋጦ ሥር፣ ከድንጋይ ካብ ጥግ ሊኖር ይችላል። አንቺ አታዪውም፣ ውሻው ግን ያሸተዋል። ለዚህ ነው ገመዱን አትልቀቂ የምልሽ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ 4830ም ውሻ በገመድ ተይዞ እንዲሄድ ያዛል፤ «ልቀቂው ይሩጥ» ካሉሽ ይህን ንገሪያቸው። ምግብ ከመሬት የመልቀም አመል ካለበት ቅርጫት መሳዩን የአፍ ማሰሪያ ይግዙለት፤ እሱ እያለከለከ ውሃ መጠጣት አይከለክለውም። ጨርቁን እንዳይገዙ፣ አፉን ዘግቶ በሙቀት ይገድለዋል።

ድንገት ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተንገዳገደ አንድም ደቂቃ አታባክኚ። መንገደኛ ሁሉ ሐኪም ይሆንብሻል። ወተት አጠጪው የሚልሽ አይጠፋም፣ እኛም አገር ያው ነው። አትስሚ። ሐኪም ሳያዝሽ እንዲያስመልሰውም አታድርጊ። ለእንስሳት ሐኪሙ እየደወልሽ ተሸክመሽ ወደ መኪና፤ የበላው ነገር ትራፊ ካለ በላስቲክ ቋጥረሽ ያዢ፣ በባዶ እጅሽ ግን አትንኪው።

የካብ አጥሮቹ ውብ ናቸው፤ ያለ ጭቃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የመካቡ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ ዘንድ ተመዝግቧል። እፉኝትም ይወዳቸዋል፤ ውሻው አፍንጫውን ስንጥቅ ውስጥ እንዳይከት። በሽቦ የታሰረ በር ከገጠመሽ ከፍተሽ እለፊና መልሰሽ እሰሪው። የፍየል ቃጭል ስትሰሚ ገመዱን አሳጥረሽ ዞር በይ፤ ከመንጋው ጋር ውሻ አለና። ቢመጣብሽ አትሩጪ። ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በይ፤ የሰፈራችን ዘዴ እዚያም ይሠራል። እረኛውን «ካሊሜራ» በይው፣ ሰላምታ የነፈገ ሰው ገጠር ውስጥ አይወደድም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 15፣ በኛ ነሐሴ 9፣ ፊሎቲ መንደር የእመቤታችንን በዓል በትልቅ ድግስ ያከብራል። አንቺ ጾም ላይ ብትሆኚም ሄደሽ እዪው፤ ውሻው ግን ቤት ይቆይ። ሙዚቃው ያስበረግገዋል፣ የሚጣለው አጥንትም ብዙ ነው።

ሆራ ከተማ የእንስሳት ሐኪም አለ። ስልኩን ከአሠሪዎችሽ ዛሬውኑ ተቀብለሽ መዝግቢ፤ ወረቀት ላይም ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፣ የስልክሽ ባትሪ ቢያልቅስ?