ልብ የሚበተነው የት ነው?



በክፍላችን ልማድ ከወር አንድ እሑድ ከትምህርት በኋላ በሰፈራችን ያሉ አረጋውያንን እንጠይቃለን። ባለፈው ጥር ከጠየቅናቸው መካከል አንዲት እማማ ነበሩ፤ ስሜን አትጻፉ ስላሉን አንጽፈውም። በልጅነታቸው ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ በእህል ጭነት መኪና ላይ የመጡበትን ታሪክ ያወጉን ጀመር። መኪናው ዓባይ በረሃ ውስጥ እንደ ተበላሸ፥ አጎታቸውም ውኃ ፍለጋ እንደ ወረዱ ነግረውን ሳይጨርሱ የአንዳችን ስልክ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አውጥቶ አየው። እርሱን ያየው ደግሞ የራሱን አወጣ። ቀና ስንል እማማ ዝም ብለዋል። «ጉዳይ ካላችሁ ሂዱ ልጆቼ፤ እኔ አላስቸግራችሁ» አሉን። ቡናውም ከአቦል አላለፈም።

ነገሩ ከነከነን። በመንገድ ላይ ከመካከላችን ታላላቆቹ «እናንተን ኮምፒውተር አሳደጋችሁ፤ ልባችሁ አይረጋም» አሉ። ታናናሾቹ ደግሞ «መጀመሪያ ስልኩን ያወጣው ከእናንተ ወገን ነው» ብለው መለሱ፤ እውነታቸውን ነው። ክርክሩ በዚህ ስላላለቀ ጉዳዩን ተከፋፍለን ለማጥናት ተስማማን። ከዚህ በታች የምናቀርበው ያገኘነውን ነው።

በቤታቸው ኮምፒውተር ይዘው ካደጉት ከመጀመሪያዎቹ ልጆች መካከል የእንግሊዝ አገር ልጆች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሲንክሌር የተባለው ኩባንያ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር አወጣ። የራሱ ስክሪን ስላልነበረው ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ይያያዝ ነበር። የተሻለው ዐይነት 48 ኪሎባይት ያህል ብቻ ይይዝ ነበር፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ስንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እጅግ ትበልጣለች። ጨዋታው የሚገባው ዘፈን በሚሰማበት በተራ ቴፕ ካሴት ነው። ማሽኑ ሲጢጥ እያለ፥ በቴሌቪዥኑ ዳር ባለ ቀለም መስመር እየተርገበገበ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ልጁም ተቀምጦ ይጠብቃል። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ ካሴቱን አጠንጥኖ እንደ ገና መጀመር ነው። መጽሔቶችም ፕሮግራሙን በወረቀት ላይ አትመው ያወጡ ነበርና ልጁ መስመር በመስመር እያየ በጣቱ ይመታዋል። አንዲት ምልክት ብትሳሳት አልሠራም ይለዋል፤ ስሕተቷን ለማግኘት ከላይ እስከ ታች ማንበብ ነው።

ይህን ስናነብ ከእኛ አንዱ «ይኼማ የኔታ ፊት ዳዊት መድገም ነው» አለ። ሳቅንበት፤ ነገር ግን ብዙም አልተሳሳተም።

እንግዲህ «ኮምፒውተር ልብን ይበትናል» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይሰናከላል። ያም ኮምፒውተር ነበርና። ልዩነቱ ምን ላይ ነው ብለን ስንነጋገር አንድ ነገር ላይ ደረስን፤ ይኸውም ያ ማሽን ልጁን ሊጠራው አይችልም ነበር። ልጁ ወደ ማሽኑ ይሄዳል እንጂ ማሽኑ ልጁን ምሳ እየበላ ሳለ፥ ወይም አያቱ ሲያወጉት፥ ና አይለውም። ዛሬ ኪሳችን ያለው ግን ይጠራናል። ከጠራንም በኋላ ማብቂያ የለውም። የመጽሐፍ ገጽ ሲያልቅ እጃችን ገጹን ለመግለጥ ይነሣል፤ በዚያች ቅጽበት «ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?» ብለን ራሳችንን ለመጠየቅ ጊዜ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ገጽ ነዳፊ ወደ ታች በተገፋ ቁጥር ማለቂያ የሌለውን ገጽ ሠራ፤ ያችን ጥያቄ አስቀራት ማለት ነው። በኋላም በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል።

የትውልዱን ክርክር ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2001 ማርክ ፕረንስኪ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ በኮምፒውተር ዘመን የተወለዱትን «ተወላጆች»፥ ታላላቆቻቸውን «መጤዎች» ብሎ ሰየማቸው። ተወላጆቹ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላሉ የሚል እምነትም ተስፋፋ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ብዙ መገናኛ በአንድ ጊዜ የሚያዩ ሰዎች የማይፈለገውን ነገር ወደ ጎን በመተው ረገድ ከሌሎቹ ደክመው አገኛቸው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ያስተምሩ የነበሩት ግሎሪያ ማርክ እ.ኤ.አ. በ2004 የቢሮ ሠራተኞችን በሥራ ቦታቸው እየተከታተሉ በሰዓት ለኩ። አንድ ሠራተኛ ዐይኑን ወደ ሌላ ሳያዞር በአንድ ስክሪን ላይ በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቆይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 75 ሴኮንድ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ 47 ሴኮንድ ገደማ ሆነ። ልብ በሉ፤ የተለኩት ሕፃናት አይደሉም፥ ደመወዝተኞች ናቸው። ይልቁንም የገረመን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ሠራተኞቹ ከሚቋረጡበት ጊዜ ግማሽ ያህሉን ያለ ደወልና ያለ ጥሪ ራሳቸውን በራሳቸው ያቋርጣሉ።

ይህ ሁሉ የውጭ አገር ወሬ ነው እንዳይባል ከአገራችንም አንድ አለን። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረቱት ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ለሃያ ሃያ ያህል ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት ከነካርቶኑ፥ ያለ አስተማሪ ሰጠ። ልጆቹ ከዚያ በፊት በጽሑፍ መካከል አላደጉም። ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፥ በአምስተኛው ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያ ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን ፊደል ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶባቸው የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ፈልገው ከፈቱት። መቼም ወሬው የመጣው ከራሳቸው ከፕሮጀክቱ ሰው ነውና የወጡን ጣዕም ከወጥ ሠሪዋ እንደ መጠየቅ ነው። ቢሆንም ከሰማን ወዲህ ሳንከራከርበት የቀረንበት እሑድ የለም። 47 ሲባል ከአበባ ወደ አበባ የሚዘል ልብ ይመስላል። ካሜራውን ፈልጎ የከፈተው ግን የሚዘል ልብ አይደለም። አንዳችን ያስተዋለው ነገር ክርክሩን አበረደው፤ ታብሌቱ ኢንተርኔት አልነበረውም። ምን እንደ ሠሩ ለማወቅ ሰው በየሳምንቱ እየሄደ ካርዱን ይለውጥ ነበር። ልጆቹን ከውጭ ሆኖ የሚጠራቸው ማንም አልነበረም።

ከዚህ በኋላ በራሳችን ላይ ሞከርነው። ለአንድ ሰዓት ጥናታችን ስልኮቻችንን አጥፍተን በአንድ ሰፌድ ላይ ከበሩ አጠገብ አኖርናቸው። የመጀመሪያው እሑድ አስቂኝ ነበር፤ እጃችን ወደ ባዶ ኪሳችን ይሄዳል። ግሎሪያ ማርክ የጻፉት ገባን። ከሁላችን የባሰባቸው ደግሞ የመጀመሪያ ስልካቸውን ልጆች ከወለዱ በኋላ የገዙት አስተማሪያችን ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ሰዓት ለማየት ብለው እስከ ሰፌዱ ሄደው ተመለሱ። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በአራተኛው እሑድ ግን ሰዓቱ ማለፉን ያስታወሰን የጥበቃው አባት የበር ቁልፍ ድምፅ ነው።

ወደ እማማም ተመለስን። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ሰፌዱንም ከበራቸው ሥር አኖርነው። እርሳቸው ግን ጥቂት አሰብ አድርገው «ዱባይ ያለችው ልጄ ዛሬ እረፍቷ ነው፤ በስልካችሁ መልኳን ታሳዩኛላችሁ?» አሉን። ምን እንበል? አንዱን ስልክ ከሰፌዱ አነሣን። እማማ አርባ ደቂቃ ያህል ዐይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም፤ ቡናው ፊታቸው ቀዘቀዘ። ከታናናሾቻችን አንዷ «እሳቸውንም ኮምፒውተር አሳደጋቸው እንዴ?» ብላ በጆሯችን ሹክ አለች። በዚያ ስክሪን ላይ ግን የነበረችው አንዲት ሰው ነበረች፤ ንግግሩም «ደኅና ሁኚልኝ ልጄ» በሚለው አለቀ።

ስልኩ ወደ ሰፌዱ ከተመለሰ በኋላ «እማማ፥ ታሪኩን ይቀጥሉልን» አልናቸው። «የት ላይ ነበርን?» ብለው ጠየቁን። እርስ በርሳችን ተያየን፤ የሚያስታውስ ጠፋ። «አጎቴ ውኃ ፍለጋ ወርዷል» አሉና ከዚያው ቀጠሉ። እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ተመላልሰን በደብተር አሥራ አንድ ገጽ ጽፈናል። አጎታቸው ውኃውን ይዘው ተመልሰዋል፤ መኪናው ግን ገና ዓባይ በረሃ እንደ ቆመ ነው።