የቢሾፍቱ ሐይቆችና የታኅሣሥ ብርድ

ከቢሾፍቱ ሐይቆች በአንዳንዶቹ፣ አልፎ አልፎ፣ በበጋው ብርድ ወራት ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በብዛት ሞቶ ዳር ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው መርዝ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ውሃው ላይ የተጨመረ ነገር የለም፤ ታች የነበረው ወደ ላይ ወጥቶ ነው። እንዴት እንደሚወጣ ለመረዳት በሐይቅ ውስጥ ያሉትን ወሰኖች ማወቅ ይጠይቃል።

ከኦክስጅን እንጀምር። ፍጹም በረጋ ውሃ ውስጥ ከአየር የገባ የኦክስጅን ሞለኪውል ወደ ታች የሚሄደው ወዲያና ወዲህ እየተገፋ፣ በራሱ ንቅናቄ ብቻ ነው። እንዲህ እያለ 10 ሳንቲ ሜትር ለመዝለቅ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። አንድ ሜትር ሲሆን ጊዜው አሥር እጥፍ ሳይሆን መቶ እጥፍ ነው፤ ወደ 16 ዓመት ይጠጋል።

ሐይቁን የሚያድነው መናወጥ ነው። መሐንዲሱ ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 ማንችስተር ላይ፣ በመስተዋት ቱቦ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ቀጭን የቀለም ክር ለቀቀ። ፍሰቱ ዝግ ሲል ክሩ ሳይዛነፍ ሄደ፤ ፍጥነቱ ከአንድ ደረጃ ሲያልፍ ግን በድንገት ተበጣጥሶ ቱቦውን ሙሉ አቀለመው። በሐይቅም ነፋስ ትልልቅ አዙሪት ያስነሳል፤ ትልቁ ትንሹን፣ ትንሹም ይበልጥ ትንሹን እየወለደ የላዩን ውሃ ያዋህደዋል።

አሁን ወደ ገጹ ጠጋ እንበል፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። አዙሪት የቱንም ያህል ቢበረታ ውሃና አየር ወደሚገናኙበት ገጽ ሲቃረብ ይከስማል። ስለዚህ ከገጹ ሥር ከሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰች ስስ ሽፋን ትቀራለች። ኦክስጅን ይህችን የሚያልፋት በዚያው በአዝጋሚው የሞለኪውል እርምጃ ነው። መናወጥ ራሱ ወሰኑን አያሻግርም ማለት ነው። ሥራው ሽፋኗን ማሳሳትና አሮጌዋን ገፎ በአዲስ ውሃ መተካት ነው። ውፍረቷ በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ኦክስጅን በእጥፍ ይጨምራል። ከሐይቁ ጭቃ በላይም እንዲህ ያለች ሽፋን አለች፤ ጥቂት ወፈር ትላለች እንጂ ሕጓ አንድ ነው።

ቢሾፍቱ ላይ ግን ሌላም ወሰን አለ፤ እሱም በውሃና በውሃ መካከል ነው። አብዛኞቹ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በቆፈራቸው ጎድጓዶች የተኙ ናቸው፤ ለስፋታቸው ጥልቅ ናቸው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር ያልፋል። በዙሪያቸው ያለው ገደልም ከነፋስ ይከልላቸዋል። ፀሐይ ያሞቀው ቀላል ውሃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከባድ ውሃ ከታች ይቆያል። የሙቀት ልዩነቱ ቢበዛ ጥቂት ዲግሪ ነው። ይሁንና በሞቃት አገር አንዲት ዲግሪ አቅም አላት፦ ውሃ ከ23 ወደ 24 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀልለው ከ4 ወደ 5 ሲሞቅ ከሚቀልለው 30 እጥፍ ያህል ይበልጣል። አዙሪቱም ከባዱን ውሃ ሽቅብ ሊያነሳ ሲታገል ጉልበቱን ይጨርሳል። ከወሰኑ በታች ያለው ኦክስጅን ብስባሽ ሲብላላ ያልቃል፤ በምትኩ አሞኒያ፣ ፎስፈረስና የገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይጠራቀማሉ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። የላዩ ውሃ ሙቀቱን እየለቀቀ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፤ እየሰመጠም ሐይቁን ራሱ ያናውጠዋል። ወሰኑ ሌሊት በሌሊት ከላይ ይሸረሸራል፤ ነፋስ የታከለበት ቀን ይፈርሳል። ከታች የመጣው ውሃ ኦክስጅን አልባ ከመሆኑም በላይ የላዩን ኦክስጅን ይሻማል። በገጹ ስስ ሽፋን በኩል የሚገባውም ይህን ጉድለት በአንድ ሌሊት አይሞላውም። ከፍታውም አያግዝም፤ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ውሃው ሲጠግብ እንኳ በሊትር የሚይዘው ኦክስጅን 7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ዓሣው አፉን ከገጹ ጋር አጋጥሞ ሲያለከልክ የሚታየው ያችን ኦክስጅን ያላትን ስስ ሽፋን ፍለጋ ነው።

ስለዚህ ዓሣ ሲሞት ከዳር ውሃ ቀድቶ መርዝ መፈለግ ብቻውን አይበቃም። ከኅዳር ጀምሮ ቴርሞሜትርና የኦክስጅን መለኪያ በገመድ እያወረዱ በየጥልቀቱ መመዝገብ ያስፈልጋል። የላይና የታች ሙቀት እየተቀራረበ ከሄደ ዓሣ አስጋሪዎቹ ቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። ከታች የወጣው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ደግሞ ብርሃን ካለበት ይደርሳል፤ አልጌው በእሱ ይፋፋል፤ ከሞት የተረፈው ቆሮሶም የሚመገበው ይህንኑ አልጌ ነው።