ጥንቸል ከመቀበልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለሥጋ ተብሎ የተጀመረ እርባታ ገበያ አጥቶ ይዘጋል። የባለቤቱ ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል። ወይም ለልጅ ልደት የተገዛችው ጥንቸል ትሰለቻለች። ያን ጊዜ «እባካችሁ የሚወስዳት ሰው ፈልጉልኝ» ይባላል። አንበሳሜ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከቀረበልዎ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ እዚህም ሆነ ባሕር ዳር ቤት ያጣች ጥንቸል ተቀብሎ የሚያሳድር መጠለያ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ወስደዋት ቢከብድዎ የሚመልሱበት ቦታ የለም። ስለዚህ እሺም ሆነ እንቢ የሚባለው ደጅዎን ሳትረግጥ ነው። የሚከተሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይመልሱ።

1. በእርግጥ የቤት ጥንቸል ናት?

ልጆች ከቁጥቋጦ አንስተው የሚያመጧት ግልገል የዱር ጥንቸል ናት። የቤቷ ጥንቸል ከእሷ ጋር ስም ብትጋራም ዝርያዋ ሌላ ነው፤ የዘር ግንዷም ከአውሮፓ ነው። የዱሮቹ ግን የአገሩ ባለቤቶች ናቸው፤ እንዲያውም አንደኛው ዝርያ ለሳይንስ የተመዘገበው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከዚሁ ከጣና ዳር፣ ከዘጌ በተወሰደ ናሙና ነው።

መለያው ቀላል ነው። የዱሯ ጠጉሯን ለብሳ፣ ዐይኗን ገልጣ ትወለዳለች፤ የቤቷ ደግሞ ራቁቷን፣ ዐይኗ እንደተጨፈነ ነው። የዱር ጥንቸል እናት ግልገሏን ሣር ውስጥ ለብቻዋ ትታ ብትውል ጥላት አይደለም፤ ሲመሽ ተመልሳ ታጠባታለች። ስለዚህ ልጆቹ ካነሡበት ቦታ ቶሎ ይመልሷት። አዋጅ ቁጥር 541/1999ም የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። በተቃራኒው የቤቷን ጥንቸል «ዱር ገብታ ትኑር» ብሎ መልቀቅ ለውሻና ለጅብ መስጠት ነው።

2. የቤትዎ ሰው ሁሉ ያውቃል?

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እና በዘዳግም ምዕራፍ 14 ጥንቸል ከማይበሉት እንስሳት ተቆጥራለች። ክልከላው መብላትንና በድኗን መንካትን የሚመለከት ነው፤ በሕይወት ያለችን ጥንቸል ማሳደግ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢሆንም ቅር የሚላቸው እናት ወይም አያት ቤት ውስጥ ካሉ፣ ጥንቸሏ ከመጣች በኋላ ከመከራከር አስቀድሞ ከእነሱ ጋር፣ ካስፈለገም ከነፍስ አባት ጋር መነጋገር ይሻላል። በእስልምና አብዛኞቹ ሊቃውንት ሥጋዋን ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ሰጪውም ተቀባዩም ሳይተፋፈሩ ይነጋገሩ፤ ጥንቸሏ የምትወሰደው ለማሳደግ ነው ወይስ ለማረድ?

3. ለ10 ዓመት ዝግጁ ነዎት?

በደንብ የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅዎ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስም ገና ድርቆሽ ትጠይቅዎታለች ማለት ነው። ልጁ ለማትሪክ ሲቀመጥ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚመግባትና የሚያጸዳላት ማን ነው? መልሱ «ልጆቹ» ከሆነ ገና አልተመለሰም። የአንድ ትልቅ ሰው ስም ይጥሩ።

4. ሴት ናት ወይስ ወንድ?

ብዙ ደግ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የግልገል ጥንቸል ጾታ ለማያውቅ ዐይን ያሳስታል፤ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ተብሎ የተሰጠ ጥንድ ብዙም ሳይቆይ ወልዶ ይገኛል። ጥንቸል በ4 ወይም በ5 ወሯ ለመራባት ትደርሳለች፤ እርግዝናዋ 31 ቀን ገደማ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ልትወልድ፣ በወለደችበት ዕለትም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ሳያጣራ ጥንድ የተቀበለ ሰው ዓመት ሳይሞላው ራሱ ተቀባይ ፈላጊ ይሆናል።

ስለዚህ ጾታዋን ባለሙያ ይይልዎ። ሴትና ወንድ ከሆኑ እስኪኮላሽ ወይም እስክትመክን ድረስ በተለያየ ክፍል ያኑሯቸው። ያልተኮላሹ ሁለት ወንዶችም ክፉኛ ይናከሳሉ። ይሁንና ጥንቸል ብቸኝነት አይስማማትም፤ የማምከን አገልግሎት ካላገኙ በሽቦ ተከልለው ጎን ለጎን ይኑሩ፤ እየተያዩና እየተሸታተቱ ይውላሉ።

5. የት ትኖራለች?

የዶሮ ቆጥ አይሆንም። በእንግሊዝ ያለ የጥንቸል ደኅንነት ማኅበር ለሁለት ጥንቸል የሚመክረው 3 ሜትር በ2 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከፍታ ያለው ቦታ ነው፤ ዘልላ፣ በኋላ እግሯ ቆማ፣ ተዘርግታ የምትተኛበት መሆን አለበት። ወለሉ ሽቦ ብቻ ከሆነ መዳፏ ይቆስላል፤ ከጎረቤታችን ከፎገራ የሚገኝ ደረቅ የሩዝ ገለባ ጥሩ ጉዝጓዝ ነው። መሬቱን ቆፍራ ስለምትወጣ ሽቦው ከሥር ጭምር መቀበር አለበት። በሌሊት ሸለምጥማጥ፣ ድመትና ጉንዳን እንደሚመጡ አይርሱ።

ከሁሉም የከፋው ሙቀት ነው። ጥንቸል ብርዱን ትችለዋለች፤ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ትቸገራለች። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያስቀመጧት ጥንቸል በአንድ ከሰዓት ልትሞት ትችላለች። የዛፍ ጥላ ወይም የሣር ክዳን ያብጁላት። አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ካዩ ጆሮዋን በውኃ ያርጥቡ፤ ጆሮዋ ሙቀት የምታስወጣበት ነው። በክረምት ደግሞ ጠላቷ ዝናቡ ሳይሆን እርጥብ ጉዝጓዙ ነው።

6. በበጋ ምን ትበላለች?

ካሮት የሥዕል መጽሐፍ ምግብ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ በቁንጥር ይሰጣል። ከአምስት እጅ አራቱ ምግቧ ድርቆሽና ሣር መሆን አለበት። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ያድጋል፤ የሚሞርድላት ሣሩን ማኘኳ ነው። ሰርዶ፣ ደሾና የሮድስ ሣር ይስማሟታል። በጥቅምትና በኅዳር ሣር ሲታጨድ የዓመቱን ድርቆሽ ገዝተው ካላስቀመጡ ሚያዝያ ላይ ይቸገራሉ። ሻጋታ የያዘውን ግን አይስጧት።

የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ የአቮካዶ ቅጠል፣ ሽንኩርት፣ የአጥር ላንታና መርዝ ናቸው። እንጀራና ዳቦ ሆዷን ያበላሻሉ። ጎመኑን ከመስኖ ማሳ የሚያመጡ ከሆነ መቼ ፀረ ተባይ እንደተረጨ ይጠይቁ።

7. ስትታመም ማን ያያታል?

የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዕለት ተዕለት የሚያየው ከብት፣ በግና ዶሮ ነው። በጥንቸል ላይ ያለው ልምድ ምን ያህል እንደሆነ ከመቀበልዎ በፊት ሄደው ይጠይቁት። አልሆነ እንደሆነ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዘንዘልማ ግቢና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ስለሚሰጡ እዚያ ይጠይቁ፤ መንገዱ በተዘጋ ቀን ስልክ የሚደውሉለት ሐኪም ከወዲሁ ይያዙ።

እስከዚያው በጠጧን ይመልከቱ። ጤነኛ ጥንቸል ክብና ደረቅ በጠጥ በብዛት ትጥላለች፤ ለስላሳውን ራሷ መልሳ ብትበላው አይደንግጡ፣ አፈጣጠሯ ነው። በጠጡ ካነሰ ወይም ከ12 ሰዓት በላይ ምግብ ካልቀመሰች አንጀቷ ቆሟልና «ነገ» አይበሉ። ጥንቸል ጾም የላትም፤ ስለማታስታውክ ለቀዶ ሕክምና እንኳ አትጾምም። ከቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ደግሞ በፍጹም አያውጧት፤ ለሰው የሚያድነው መድኃኒት የእሷን የአንጀት ባክቴሪያ አዛብቶ ይገድላታል።

8. እንዴት ይይዟታል?

በጆሮዋ አንጠልጥሎ መያዝ የተለመደ ጭካኔ ነው። አንድ እጅዎን ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከኋላ እግሯ ሥር አድርገው ወደ ደረትዎ ያስጠጓት፤ ስትፈራገጥ የገዛ ወገቧን መስበር ትችላለች። ትንሽ ልጅ መሬት ተቀምጦ ይንካት እንጂ አያንሣት። ከሐሙሲት ወይም ከባሕር ዳር በሚኒባስ ስትመጣ እንደ ዶሮ እግሯ አይታሰር፣ ማዳበሪያ ውስጥም አትግባ፤ ቀዳዳ ያለው፣ ድርቆሽ የተነጠፈበት ካርቶን ይበቃታል።

ሰጪው እርስዎ ከሆኑ

በነፃ የምትሰጥ ስለሆነች ብቻ ለመጀመሪያው ጠያቂ አትሰጥም። የምትኖርበትን ቦታ ሄደው በዐይንዎ ይዩ። ግቢው ውስጥ ውሻ እንዳለ፣ ሌላ ጥንቸል እንዳለ፣ ለምን እንደሚፈልጓት ይጠይቁ። በካሊፎርኒያ በ1988 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቤት ጥንቸሎች ማኅበርም ጥንቸሎቹን የሚሰጠው ካስመከነና ተቀባዩን ከጠየቀ በኋላ ነው፤ እኛ ዘንድ ድርጅቱ ባይኖርም ጥያቄው ገንዘብ አይጠይቅም። «ካልሆነልህ ለእኔው መልሳት» የሚለውን ቃል በጎረቤት ፊት ይግቡ፤ ስልክ ይለዋወጡ፤ ከሳምንት በኋላ ደውለው በጠጧን ይጠይቁ።

ውሳኔው

የምግቡ፣ የቦታውና የሐኪሙ ጥያቄ መልስ ካገኘና የቤትዎ ሰው ከተስማማ ይውሰዷት፤ መጀመሪያ ግን ቤቷን ሠርተው ይጨርሱ። አንዱ እንኳ ከጎደለ «እናያለን» እያሉ ሰውየውን አያመላልሱት። ዛሬውኑ አልችልም ካሉት ሌላ ደጅ ለማንኳኳት ጊዜ ይተርፈዋል።