ምድር ለሰው ልጅ ብዛት ትበቃለችን?

(በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ሰው የመብዛትን በረከት ተቀበለ፤ በምዕራፍ 2 ደግሞ ገነትን የመንከባከብና የመጠበቅ ሥራ ተሰጠው። ስለ ሕዝብ ብዛት ክርክር በተነሣ ጊዜ ግን አንዱ ወገን በረከቱን ብቻ ሲያነሣ፥ ሌላው የሚመጣውን ረኃብ ብቻ ይቈጥራል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

በ1798 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ማልተስ ባሳተመው መጽሐፍ፥ የሰው ቍጥር በማባዛት ሥርዓት ሲያድግ ምግቡ ግን በመደመር ሥርዓት ብቻ ስለሚያድግ፥ ችግርና ረኃብ የሰውን ብዛት መግታታቸው አይቀርም ሲል አስረዳ። በዚያን ጊዜ የዓለም ሕዝብ 1 ቢሊዮን ያህል ነበር። በ1960 ዓ.ም. 3 ቢሊዮን ሆነ፤ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ግምት 8 ቢሊዮን ደረሰ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሕዝብ የመገበው ምንድን ነው? ጀርመናዊው ፍሪትስ ሃበር በአየር ውስጥ ካለው ናይትሮጅን አሞንያ የሚሠራበትን መንገድ አገኘ፤ ካርል ቦሽም ግኝቱን ለፋብሪካ ሥራ አበቃው፤ በ1913 ዓ.ም. ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ከዚህ የተገኘው ማዳበሪያ የእርሻን ፍሬ እጅግ አበዛ። ከዚያም በኋላ አሜሪካዊው ኖርማን ቦርላግ በሜክሲኮ አገር አገዳው አጭር፥ ዋግንም የሚቋቋም ስንዴ አዳቀለ። ዘሩ በ1960ዎቹ ወደ ሕንድና ወደ ፓኪስታን ተሻግሮ ምርታቸውን ከፍ አደረገ፤ ቦርላግም በ1970 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበለ።

ነገር ግን ማዳበሪያውም ሆነ አዲሱ ዘር ያለ ውሃ ፍሬ አይሰጡም። ለዚህም የዮርዳኖስ ወንዝ ምስክር ነው። ለጥምቀት በዓል ወደዚያ የሚወርዱ ተሳላሚዎች የሚያዩት ጠባብና ድፍርስ ውሃ፥ አባቶቻቸው ያዩት ወንዝ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. እስራኤል ከጥብርያዶስ ባሕር ወደ ደቡብ ውሃ የሚወስደውን ትልቅ መስመር ሥራ አስጀመረች፤ የዮርዳኖስ መንግሥትና ሶርያም የያርሙክን ውሃ በቦይና በግድብ ለየራሳቸው ወሰዱ። ይህ ውሃ እርሻን አለምቷል፥ ከተሞችንም አጠጥቷል። ሆኖም ወደ ሙት ባሕር የሚደርሰው ከጥንቱ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። በዳርቻው ያሉት የማዕድን ፋብሪካዎችም ውሃውን በፀሐይ ስለሚያተኑት፥ ባሕሩ በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል።

በዚሁ አገር መፍትሔም ተፈልጓል። ውሃን በጠብታ ወደ ተክሉ ሥር የሚያደርስ መስኖ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተስፋፋ፤ በ2005 ዓ.ም. በአስቀሎና የተከፈተው ፋብሪካ የባሕርን ውሃ ከጨው ለይቶ ለመጠጥ ያደርሳል። ይህ ግን ብዙ ገንዘብና ኃይል ስለሚጠይቅ ድሀ አገር በቀላሉ አያገኘውም።

ከዚህም ሌላ የብክነት ነገር አለ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፥ ለሰው ከሚዘጋጀው ምግብ ሢሶው ያህል ይጠፋል ወይም ይጣላል። አምስቱ እንጀራ ተባርኮ 5,000 ሰው ከጠገበ በኋላ እንኳ ፍርፋሪው በ12 መሶብ መሰብሰቡን ለሚያነብ ክርስቲያን፥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሰው ቍጥርም ያለ ወሰን የሚያድግ አይመስልም። በ1960ዎቹ አንዲት ሴት በአማካይ 5 ልጆች ያህል ትወልድ ነበር፤ ዛሬ ከ2 ጥቂት ይበልጣል። የተባበሩት መንግሥታት በ2024 ዓ.ም. እንደ ገመተው፥ የዓለም ሕዝብ በ2080ዎቹ 10.3 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ ከዚያ በኋላ መቀነስ ይጀምራል።

ስለዚህ ምድር የምትችለው የሰው ቍጥር ይህን ያህል ነው ተብሎ አንድ ጊዜ የሚወሰን አይደለም። በዕውቀት ይሰፋል፤ በስስትና በብክነት ይጠባል። ምድር ስንት ሰው ትችላለች ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ፥ ያ ሰው እንዴት እንደሚኖርና ያለውን ከማን ጋር እንደሚካፈል አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. ማልተስ ያልገመታቸው ነገሮች የትኞቹ ናቸው?
2. የዮርዳኖስ ውሃ ማነስ ከሕዝብ ብዛት ብቻ የመጣ ነውን?
3. የመብዛት በረከትና የመጠበቅ አደራ እንዴት ይስማማሉ?