አማርኛና ኦሮምኛ በከሚሴ፤ የሁለት ቋንቋዎች ንጽጽር

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፤ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፤ የከሚሴ ከተማ ትገኛለች። ከተማዪቱ በአማራ ክልል ውስጥ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በእርሷም ሆነ ሰኞ በሚቆመው በባቲ ገበያ፤ አንድ ሰው በኦሮምኛ ዋጋ ጠይቆ በአማርኛ ሲከራከር መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን ቋንቋዎች አሳምሮ የሚናገር ሰው እንኳ በምን እንደሚመሳሰሉና በምን እንደሚለያዩ ቢጠየቅ ለማስረዳት ይቸገራል፤ መናገርና ማስረዳት ልዩ ልዩ ናቸውና። ይህን አጭር ጥናት ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ለነገሩ ማማር ብቻ አይደለም። በአንደኛው ቋንቋ አፉን ፈትቶ ሁለተኛውን በትምህርት ቤት የሚጨምር ልጅ ሲሳሳት ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ለማሳየት ነው።

ኦሮምኛውን በፊደላችን ስንጽፍ አጭሩን ድምፅ በአንደኛው፤ ረጅሙን በአራተኛው ሆሄ እናመለክታለን።

1ኛ፤ ስለ ዝምድናቸው።

አማርኛ ከግዕዝ፤ ከትግርኛና ከዐረብኛ ጋር የሴም ቋንቋ ነው። ኦሮምኛ ደግሞ ከሶማልኛ፤ ከአፋርኛና ከአገውኛ ጋር የኩሽ ቋንቋ ነው። ሁለቱ ወገኖች ግን የአንድ ታላቅ ቤተ ሰብ፤ ማለት የአፍሮ-እስያ ቋንቋዎች ቅርንጫፎች ናቸው። አንድ፤ ሁለት፤ ሦስት ብሎ ለቆጠረ ሰው ቶኮ፤ ለመ፤ ሰዲ የሚለው ቁጥር ምንም ዝምድና አያሳየውም። ዝምድናው የሚገኘው ጠለቅ ባለ ቦታ ነው። በኦሮምኛ «ቤኬ» ዐወቀ፤ «ቤክቴ» ዐወቅህ ወይም ዐወቀች፤ «ቤክኔ» ዐወቅን ማለት ነው። «ቴ» ለአንተም ለእርሷም መሆኗን ልብ ይሏል። በአማርኛስ «ታውቃለህ» እና «ታውቃለች» ስንል በሁለቱም መነሻ ላይ ያለችው «ት» አይደለችምን? «እናውቃለን» ስንልም «ን» አለች። ቁርአን ቤት የተማረ የከሚሴ ልጅ ደግሞ በዐረብኛው «ተክቱቡ» (ትጽፋለህ፤ ትጽፋለች) እና «ነክቱቡ» (እንጽፋለን) በሚሉት ውስጥ እነዚያኑ «ተ» እና «ነ» ያገኛቸዋል። ቃላት በገበያ ይለዋወጣሉ፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት ግን በቀላሉ የማይሸመት የአያት ቅርስ ነው።

2ኛ፤ ስለ ዐረፍተ ነገር አሠራር።

በግዕዝ «በልዐ ብእሲ ኅብስተ» ሲባል ግሡ ይቀድማል። አማርኛ ግን «ሰውዬው እንጀራ በላ» ይላል። ኦሮምኛም እንዲሁ «ነሚቺ ቡዴነ ኛቴ» ይላል፤ ቃል በቃል ሰውዬው፤ እንጀራ፤ በላ ማለት ነው። አማርኛ ግሡን ወደ መጨረሻ ያወረደው ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር፤ በተለይም ከአገውኛ ጋር፤ ለረጅም ዘመን አብሮ በመኖሩ እንደ ሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። እንደዚሁም አማርኛ «ዝም አለ» ሲል ኦሮምኛ «ጨል ጄዼ» ይላል፤ «ጄዼ» አለ ማለት ነውና አነጋገሩ አንድ ነው።

ልዩነቱ በዚሁ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይጀምራል። አማርኛ «ትልቅ ቤት» ሲል ኦሮምኛ «መነ ጉዳ»፤ ማለት ቤት ትልቅ ይላል። «የአባት ቤት» ለማለትም «መነ አባ» ይላል። አማርኛ «በከሚሴ» ብሎ «በ»ን ከፊት ሲያስቀድም፤ ኦሮምኛ «ከሚሴቲ» ብሎ «ቲ»ን ከኋላ ያስከትላል። ግሡም እንደዚሁ ነው። ዐወቀ፤ ታወቀ፤ አሳወቀ በማለት አማርኛ ፊቱን ሲለውጥ፤ ኦሮምኛ ቤኬ፤ ቤከሜ፤ ቤክሲሴ በማለት ጅራቱን ይለውጣል። በአጭሩ አማርኛ በብዙው ከራስጌ፤ ኦሮምኛ ከግርጌ የሚቀጥል ቋንቋ ነው።

3ኛ፤ ስለ ድምፅና ስለ ጽሕፈት።

ጠ፤ ቀ፤ ጨ የሚባሉት ፍንዱ ድምፆች በሁለቱም አሉ። «ዸ» ግን በኦሮምኛ እንጂ በአማርኛ የለችም። «ዺገ» ደም ሲሆን «ዲገ» ያፈርሳል ማለት ነውና፤ ይህችን ድምፅ ያልለመደ አማርኛ ተናጋሪ ደምን ማፍረስ ያደርገዋል። ኦሮምኛ የአናባቢን ርዝመትም ይለያል። አጭሩ «ቦሩ» ነገ፤ ረጅሙ «ቦሩ» ድፍርስ ማለት ነው፤ በፊደላችን ሲጻፉ ግን ልዩነታቸው አይታይም። ማጥበቅና ማላላት ደግሞ ሁለቱንም ያገናኛል። በአማርኛ «አለ» ሲላላ ተናገረ፤ ሲጠብቅ ኖረ ይሆናል። በኦሮምኛም «በዳ» ሲላላ መጥፎ፤ ሲጠብቅ ደጋ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው የተረጐሙት፤ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኢትዮጵያ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. የላቲን ፊደል ወይም ቁቤ ሲመረጥ፤ ርዝመትንና ጥብቀትን ፊደል ደርቦ ማሳየቱ እንደ አንድ ምክንያት ተቈጥሯል።

4ኛ፤ ከዚህ ምን እንማራለን?

በኦሮምኛ «ኢሲን» ማለት እናንተ ነው፤ ነገር ግን ለታላቅ ሰውም በአክብሮት ይነገራል። እንግዲህ ከከሚሴ ገጠር የመጣ ልጅ መምህሩን «እናንተ» ቢል፤ በወሎ «አንቱ» የምንለውን ክብር መስጠቱ እንጂ ማፌዙ ወይም አለማወቁ አይደለም። «ቤት ትልቅ» ብሎ ቢጽፍም የቋንቋውን ሕግ ተከትሎ ነው። «ጉዳ መነ» የሚለውም አማርኛ ተናጋሪ ያው ነው፤ ሚዛኑ ለሁለቱም እኩል ሊሆን ይገባል። እንዲህ ባለ ጊዜ በክፍል ውስጥ ሳቅ ቢነሣ ልጁ በሚቀጥለው ቀን እጁን አያወጣም፤ ዝምታውም ድንቍርና ተብሎ ይቈጠርበታል። ሁለቱን ሥርዓት የሚያውቅ መምህር ግን «በኦሮምኛ ቅጽል ይከተላል፤ በአማርኛ ይቀድማል» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያርመዋል።

ከመካከላችን ነገ መምህራን የሚሆኑ ብዙዎች ናቸው። በሁለት ቋንቋ አገር ለማስተማር የሚሄድ ሰው፤ የተማሪውን ቋንቋ አቀላጥፎ ባይናገር እንኳ፤ አሠራሩን በጥቂቱ አጥንቶ ቢሄድ የልጁን ስሕተት ከልጁ አእምሮ ለመለየት ይችላል። «አፋን» በኦሮምኛ አፍም ቋንቋም ማለት ነው፤ እኛም በአማርኛ የመጀመሪያውን ቋንቋ «አፍ መፍቻ» እንለዋለን። ስለዚህ በልጁ ቋንቋ ላይ መሳቅ አፉን መዝጋት መሆኑን ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ቃል ይመሰክራሉ።