የአንዲት መበለት ኑዛዜና የቤት ዕቃዋ
(በ17ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ገጠር)

በቋንቋችን «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይዟል። በአንድ በኩል ንስሐ የሚገባ ሰው ለካህኑ የሚናገረውን ቃል ያመለክታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሰው ከዚህ ዓለም ከመለየቱ በፊት ስለ ንብረቱ የሚሰጠውን የመጨረሻ ትእዛዝ ያመለክታል። እንግሊዛውያን ለእነዚህ ሁለት ነገሮች የተለያዩ ቃላት አሏቸው። ይሁን እንጂ በ17ኛው መቶ ዘመን በነበረው ሥርዓታቸው ሁለቱ በአንድ አልጋ አጠገብ ይገናኙ ነበር። በ1662 የወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ በሽተኛ ሊጠይቅ የሚሄደውን ካህን፥ ሰውየው ኑዛዜውን ካላደረገ እንዲያደርግ፥ ዕዳውንም እንዲናገር፥ አቅም ካለው ለድሆች እጁን እንዲዘረጋ እንዲመክረው ያዝዛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ዘመን የተረፉ የገጠር ሰዎች ኑዛዜዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ከእነርሱም መካከል የመበለቶቹን ለይተን የምንመለከተው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ መሠረት አንዲት ሴት ስታገባ ይዛው የመጣችው ገንዘብ፥ ከብት፥ ልብስና የቤት ዕቃ የባሏ ይሆናል፤ መሬት ካላትም በትዳሩ ዘመን የሚያዝበት እርሱ ነው። በ1540 ስለ ኑዛዜ የወጣው ሕግ በ1542 ሲብራራ፥ ያገቡ ሴቶች፥ 21 ዓመት ያልሞላቸው ልጆችና አእምሯቸው የታወከ ሰዎች በአንድነት ስለ መሬት መናዘዝ የማይችሉ ተብለው ተቆጠሩ። የሚንቀሳቀስ ንብረትም ቢሆን ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ ልትናዘዝበት አትችልም ነበር። እንግዲህ በትዳር ለኖረች ሴት በሕግ ፊት «የእኔ ድስት፥ የእኔ አንሶላ» ብላ የምትናገርበት ጊዜ የሚመጣው ባሏን ከቀበረች በኋላ ነው። ያን «የእኔ» የሚል ቃል አንባቢ ልብ ይበል፤ በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ ደጋግሞ ይገኛል።

መበለቲቱ ከባሏ ምን ታገኝ ነበር? በልማዳዊው ሕግ ባሏ በባለቤትነት ከያዘው መሬት ሲሶውን በሕይወቷ ዘመን ትጠቀምበታለች። ከባላባት በልማድ በተያዘ መሬት ላይ ግን ደንቡ እንደየአገሩ ይለያይ ነበር፤ በአንዳንዱ ስፍራ መሬቱን በሙሉ፥ በሌላው ከፊሉን ትይዛለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ይህ የሚጸናላት ሌላ ባል ሳታገባ እስከ ኖረች ድረስ ነው። ባል ሳይናዘዝ ከሞተ፥ በ1670 የወጣው ሕግ ልጆች ላሏት መበለት ከሚንቀሳቀሰው ንብረት ሲሶውን ወሰነላት።

ከሕጉ ይልቅ ስሜት የሚነካው ግን ገበሬዎቹ ባሎች ራሳቸው ያጻፉት ነው። ቤቱንና እርሻውን ለበኩር ልጅ ይሰጡና፥ ለሚስታቸው በቤቱ ጫፍ ያለችውን አንዲት ክፍል፥ ከምድጃው እሳት የመሞቅ መብት፥ ወደ ውኃው ጉድጓድ ያለ ከልካይ የመመላለስ መብት፥ ለአንዲት ላምም ግጦሽ ይመድባሉ። የባልን አሳቢነት ማድነቅ ይገባል። ነገር ግን ከዚህ በስተጀርባ ያለውን ሥጋት መዘንጋት የለብንም፤ እናት በገዛ ልጇ ቤት ውኃ ለመቅዳት የተጻፈ ዋስትና ያስፈልጋት ነበር። ይህን ያህል እንኳ ያላገኘችው፥ ለድሆች ከምእመናኑ ግብር እየሰበሰቡ እንዲረዱ በ1601 ሕግ የተደነገገላቸውን የቁምስናውን ሹማምንት ትጠብቃለች።

አሁን ወደ ኑዛዜዋ እንግባ። አብዛኛው ሰው የሚናዘዘው ታሞ በተኛበት ነው። ጸሐፊው የመንደሩ ካህን፥ የትምህርት ቤት መምህር ወይም ማንበብና መጻፍ የሚችል ጎረቤት ይሆናል። በ1640ዎቹ በእንግሊዝ ከ10 ሴቶች 9ኙ ያህል ስማቸውን መጻፍ እንደማይችሉ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ ስለዚህ መበለቲቱ በወረቀቱ ግርጌ ምልክቷን ታደርጋለች። ጊዜ ካልተገኘ ኑዛዜው በቃል ይነገርና ምስክሮቹ በኋላ ያስጽፉታል። ይህ የቃል ኑዛዜ ለማጭበርበር በር ስለ ከፈተ፥ ከ30 ፓውንድ በላይ ለሆነ ንብረት ሦስት ምስክሮች እንዲያስፈልጉት የ1677 ሕግ አጠበቀው።

ወረቀቱ በእግዚአብሔር ስም ይጀምራል። ቀጥሎ ተናዛዧ በሥጋዋ ብትታመምም አእምሮዋ የተሟላ መሆኑን ትገልጻለች። ነፍሷን ለፈጣሪዋ ታስረክባለች፤ ሥጋዋ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ እንዲቀበር ታዝዛለች። ይህን ሲያነቡ አንዳንዶች የሴቲቱን ሃይማኖት ከመግቢያው ቃላት ብቻ ሊወስኑ ይሞክራሉ። ማርጋሬት ስፓፎርድ የተባሉት የታሪክ ምሁር በካምብሪጅሻየር መንደሮች ላይ ባደረጉትና በ1974 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፥ አንድ ጸሐፊ ለብዙ ጎረቤቶች አንድ ዓይነት መግቢያ ይጽፍ ነበር። እንግዲህ በመግቢያው የምንሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ የጸሐፊው ነው። የሴቲቱ ድምፅ የሚመጣው ዕቃዎቹ ሲዘረዘሩ ነው።

ከዕቃዎቹ ሁሉ የሚቀድመው አልጋ ነው። በዚያ ዘመን አነጋገር «አልጋ» ሲባል ብዙ ጊዜ እንጨቱ ሳይሆን ፍራሹ ነው፤ የላባ ፍራሽ ከሆነ በቤቱ ካሉት ውድ ዕቃዎች አንዱ ነው። ድኻ በሱፍ ብጥስጣሽ ወይም በጭድ በተሞላ ፍራሽ ይተኛ ነበር። ከፍራሹ ጋር ትራሱ፥ ብርድ ልብሱና ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚቆጠሩት አንሶላዎች ይከተላሉ። አንሶላ ራሱ ደረጃ አለው፤ ጥሩው ከተልባ እግር የተሠራው ነው፤ ሻካራው ለዕለት ነው። ከዚያም የነሐስ ድስቶች፥ ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠሩ ሳህኖች፥ ሱፍ መፍተያ መንኮራኩር፥ ቅቤ መናጫ፥ የአይብ መጭመቂያ፥ የንብ ቀፎ፥ ላም፥ ጥቂት በጎች ይዘረዘራሉ። በእንጨት ሣጥን የተቀመጠው ልብስ አንድ በአንድ ይከፋፈላል፤ የበዓል ቀሚስ ለአንዷ፥ የሥራ ቀሚስ ለሌላዋ።

ወንዶቹ ተናዛዦች ብዙውን ጊዜ መሬቱንና ዋናውን ሀብት ከደለደሉ በኋላ «የቀረው ሁሉ» ብለው ያልፋሉ። መበለቶቹ ግን ወደ ዝርዝሩ ይወርዳሉ። ድስቱ «ትልቁ ድስት» ብቻ አይደለም፤ ከእናቷ የወረሰችው ድስት ነው። ሣጥኑ በአልጋዋ ግርጌ ያለው ሣጥን ነው። ተቀባዮቹም ልጆችና የልጅ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ እኅት፥ የክርስትና ልጅ፥ ስታስታምማት የከረመች ጎረቤት፥ የቤት አገልጋይ ልጃገረድ ይታሰባሉ። ለማታገባ ወይም ገና ላላገባች ልጅ አንድ ፍራሽ፥ ሁለት ጥንድ አንሶላና አንድ ድስት መስጠት ጎጆ መውጫ መስጠት ነው።

መበለቲቱ ከተቀበረች በኋላ ሌላ ወረቀት ይዘጋጃል። በ1529 በወጣው ሕግ መሠረት የኑዛዜው አስፈጻሚ ቢያንስ ሁለት ታማኝ ሰዎች ባሉበት የሟቿን ንብረት ቆጥሮ ዝርዝሩን ለቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። የኑዛዜ ጉዳይ በእንግሊዝ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እስከ 1858 ድረስ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች እጅ ነበር፤ ትንሹ በሊቀ ዲያቆናቱ ወይም በጳጳሱ ችሎት፥ ትልቁ በካንተርበሪና በዮርክ ሊቃነ ጳጳሳት ችሎት ይታያል። (ከ1653 እስከ 1660፥ ንጉሥ ባልነበረበት ጊዜ፥ ሥልጣኑ በለንደን ለተቀመጡ መንግሥታዊ ዳኞች ተላልፎ ነበር።) ገማቾቹ ጎረቤቶች ናቸው፤ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወሩ ይጽፋሉ። መጀመሪያ የለበሰችው ልብስና በቦርሳዋ የተገኘው ገንዘብ፥ ከዚያ የአዳራሹ ዕቃ፥ የመኝታ ክፍሉ፥ የጓዳው፥ በመጨረሻም የግቢው ከብትና ማገዶ። እያንዳንዱ ዕቃ በፓውንድ፥ በሺሊንግና በፔንስ ይገመታል፤ ፓውንዱ 20 ሺሊንግ፥ ሺሊንጉ 12 ፔንስ ነበር።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ማንበብ ለመምህራን የማቀርበው ዋናው ነገር ነው። ያው ድስት በሁለቱም ይገኛል። በቆጠራው ውስጥ ከሌሎች ድስቶች ጋር በአንድነት ተደምሮ የነሐሱ ዋጋ ተጽፎበታል። በኑዛዜው ግን የእናት ድስት ነው፤ ወደ ተወሰነች የልጅ ልጅ ይሄዳል፤ ዋጋው አይጠራም። ገማቾቹ ክፉ ሰዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ሕጉ የጠየቃቸው ዋጋውን ነው፤ ይህም አበዳሪዎችና ወራሾች እንዳይጎዱ ይጠቅማል። ነገር ግን ቆጠራው ብቻ ቢቀርልን ኖሮ የማን እናት፥ የማን ልጅ የሚለው ሁሉ በጠፋ ነበር። ኑዛዜው ብቻ ቢቀር ደግሞ ሴቲቱ ሀብታም ትሁን ድኻ ባላወቅን ነበር።

ቆጠራው አንዳንድ ጊዜ የሚያስደንቅ ነገርም ያወጣል፤ ዕቃዋ ጥቂት የሆነ መበለት ብዙ ገንዘብ ለጎረቤቶች አበድራ ይገኛል። ባንክ ባልነበረበት ገጠር የመበለት ጥሪት ለገበሬው ዘርና ከብት መግዣ ነበር። ወለዱን ሕግ ይወስነዋል፤ በ1624 ከመቶ 8፥ በ1651 ከመቶ 6 እንዳይበልጥ ታዘዘ። የማይመለስ መስሎ የታየው ዕዳ «ተስፋ የሌለው» ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። ኤሚ ኤሪክሰን የተባሉት ምሁር በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ሴቶች ልጆች ከወላጆቻቸው ያገኙት የነበረው ድርሻ ብዙ ጊዜ ከወንዶቹ ጋር የሚቀራረብ እንደ ነበር አሳይተዋል፤ ልዩነቱ ወንዶቹ መሬት፥ ሴቶቹ ገንዘብና ዕቃ መውሰዳቸው ነው። ስለዚህ አንሶላና ድስት መቁጠር ተራ ነገር አይደለም፤ የሴቶች ሀብት በዚያ ነበር።

አነባበቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቆጠራው ውስጥ መሬት አይገባም፤ ሟቿ ራሷ ያለባት ዕዳም አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ለአንድ ልጅ አንድ ሺሊንግ ብቻ መናዘዟ ተቆጥታው ነው ማለት አይደለም፤ ያ ልጅ ድርሻውን ሲያገባ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ዊልያም ሼክስፒር በ1616 ለሚስቱ «ሁለተኛውን ምርጥ አልጋ» መናዘዙ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ንቀት ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሕጉ ለመበለት የሚሰጠው ድርሻ በኑዛዜ መጻፍ አያስፈልገውም ነበር፤ ምርጡ አልጋም ለእንግዳ የሚቀመጥ ሊሆን ይችላል። የቀኑም አቆጣጠር ያሳስታል። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ዓመቱ የሚለወጠው በብሥራት በዓል፥ መጋቢት (ማርች) 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ኑዛዜው ኖቬምበር 1640፥ ቆጠራው ፌብሩዋሪ 1640 ቢል፥ ሴቲቱ ሳትናዘዝ በፊት ተቆጠረች ማለት አይደለም፤ ፌብሩዋሪው በዛሬው አቆጣጠር የ1641 ነው። ዓመቱን በመስከረም የሚለውጥ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ስለ ካቶሊካውያን መበለቶች ሳልጠቅስ ባልፍ ትምህርቱ ይጎድላል። በ1559 ሕግ እሑድ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የሚቀር ሰው 12 ፔንስ ይቀጣ ነበር፤ በ1581 ቅጣቱ በወር 20 ፓውንድ ሆነ። በ1606 ደግሞ ባሏ ሳይፈረድበት እርሷ ብቻ በዚህ ምክንያት የተፈረደባት ሚስት፥ ባሏ ሲሞት ከሚገባት የመሬት ድርሻ ከሦስት እጅ ሁለቱን እንድታጣ፥ የኑዛዜውም አስፈጻሚ እንዳትሆን ተደነገገ። ለነፍሷ ቅዳሴ እንዲደረግላት ገንዘብ ብትናዘዝ፥ ስጦታው ለ«አጉል እምነት» የተሰጠ ተብሎ ይሻራል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ገንዘቡ ለታመነ ወዳጅ በነጻ የተሰጠ ይመስላል፤ ምን እንደሚደረግበት በጆሮ ብቻ ይነገራል። እንዲህ ያለውን ኑዛዜ የሚያነብ ሰው ለዝምድናው ምክንያት የማይገኝለት ስጦታ ሲያይ ቆም ማለት አለበት፤ ሆኖም ሁሉንም የተሰወረ የቅዳሴ ገንዘብ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል።

መቍጠሪያና መስቀልም በቆጠራ ዝርዝሮች ውስጥ እምብዛም አይታዩም። ያው የ1606 ሕግ ዳኞች የካቶሊካውያንን ቤት ፈትሸው መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት እንዲያቃጥሉ ፈቅዷል፤ ዋጋ ያለው ስቅለት ከተገኘ ግን በችሎት ፊት ምስሉ ተበላሽቶ ብረቱ ለባለቤቱ እንዲመለስ ያዝዛል። አንዳንዶቹ ዕቃዎች አስቀድመው በእጅ ተሰጥተው ይሆናል፤ አንዳንዶቹን ደግሞ ጎረቤቶቹ አይተው እንዳላዩ አልፈዋቸው ይሆናል። ብዙዎቹ ዝርዝሮች የሚዘጉት ግን በአንድ በተለመደ መስመር ነው፤ «ያልታዩና የተረሱ ነገሮች» ይልና ጥቂት ፔንስ ይገምትላቸዋል። ከእርሱ በታች ድምሩ ይጻፋል፤ ገማቾቹ ስማቸውን ወይም ምልክታቸውን ያኖራሉ፤ ወረቀቱም ወደ ችሎቱ ይላካል።