ዱባው ይቀረጽ ወይስ ይቀባ?

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላል የሀገራችን ሰው፤ ሲያዩዋቸው የሚመሳሰሉ ሁለት ነገሮች በሥራቸው ሊለያዩ እንደሚችሉ ሲያስረዳ። ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ትምህርታችን መነሻ ይኸው ዱባ ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ገደማ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ «ሃሎዊን» የሚሉት በዓል ይከበራል። የዱባው ሆድ ይፈለፈላል፤ ዓይን፣ አፍንጫና ጥርስ ይወጣለታል፤ ውስጡ ሻማ ይበራና ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ልጆች የሙት መንፈስና የጠንቋይ ልብስ ለብሰው ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይቀበላሉ። ቢላዋውን የፈሩ ወላጆችና መምህራን ደግሞ ዱባውን መቅረጹን ትተው በቡርሽና በቀለም አስፈሪ ፊት መሳልን መርጠዋል።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትልና በቶሮንቶ ለሚኖሩት ወገኖቻችን ግን ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ዱባ ታቅፎ ይመጣና «ነገ ቀብተን እንድንመጣ ተባልን» ይላል። እዚሁ አዲስ አበባም ቢሆን ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሕፃን በእናቱ ስልክ ያንኑ ጥርሱን ያገጠጠ ዱባ ያያል፤ እናት ደግሞ በዚያው ቅጽበት ከጉልት ለወጥ የሚሆን ቁራጭ ዱባ ትገዛ ይሆናል። ሕፃኑ ቀና ብሎ «እማዬ፣ እኛስ ለምን ዓይን አናወጣለትም?» ቢላት ምን ትመልስለታለች? «ሐራም ነው፣ ዝም በል» ማለት ይቀላል። ልጁ ግን ከዚያ መልስ የሚማረው ነገር የለም፤ ነገም ጥያቄውን ይዞ የሚሄደው ወደ ሌላ ሰው ነው።

እስቲ ከታሪኩ እንጀምር። የበዓሉ ስም የመጣው በምዕራባውያን ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1 ቀን ከሚከበረው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። በአየርላንድና በስኮትላንድ ሰዎች በዚያ ምሽት ይቀርጹ የነበረው ዱባ ሳይሆን ቀይ ሥር የሚመስል ትልቅ ሥራ ሥር ነበር። ከ1845 እ.ኤ.አ ጀምሮ በአየርላንድ በድንች በሽታ ምክንያት ታላቅ ረሀብ ሲገባ ሕዝቡ ወደ አሜሪካ ጎረፈ። በአዲሱ ሀገር ከሥራ ሥሩ ይልቅ ዱባ ትልቅ፣ ለመፈልፈልም ቀላል ሆኖ ተገኘ። ከረሀብ የሸሸ ሕዝብ ልማድ ዛሬ ምግብ የሚጣልበት ልማድ መሆኑ ያስገርማል። በአሜሪካ «ሃውደን» የሚባለው ዱባ ሳይቀር የሚመረጠው ለጣዕሙ ሳይሆን ለቅርጹና ለጠንካራ እጀታው ነው፤ በአብዛኛው በልቶት የሚያውቅ የለም።

ዱባው ራሱስ የማን ነው? እዚህ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ የምንመላለስ ሰዎች ጥቂት ቆም ብንል ይገባናል። ዱባ በሰው እጅ መልመድ የጀመረው በሜክሲኮ ሀገር ነው። በኦሃካ ግዛት ጊላ ናኪትስ ከሚባለው ዋሻ የተገኙ የዱባ ፍሬዎች ወደ 10,000 ዓመት ዕድሜ እንዳላቸው ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ወደ እኛ፣ ወደ ዐረቦችም ሆነ ወደ አውሮፓ የተሻገረው ከ1492 እ.ኤ.አ በኋላ ነው። አደባባያችን ይህን ስም ያገኘው ግን በዱባ አይደለም። ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከተቃወሙትና ይዞታውንም አናውቅም ካሉት ጥቂት ሀገሮች አንዷ ስለነበረች ለውለታዋ መታሰቢያ ነው። እነሱም በፈንታቸው በዋና ከተማቸው «ኢትዮጵያ» የሚባል የባቡር ጣቢያ አላቸው፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። የእኛው ሜክሲኮ በ2015 እ.ኤ.አ የቀላል ባቡር ጣቢያ ሲያገኝ ብድሩ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ሜክሲኮዎች በኖቬምበር መጀመሪያ ሙታኖቻቸውን በሚያስቡበት ሰሞን ዱባውን ባልተጣራ የሸንኮራ ስኳርና በቀረፋ ቀቅለው ይበሉታል። የዱባ ባለቤቶች ይበሉታል፣ ተቀባዮቹ ግን ደጃፍ ላይ ያበሰብሱታል።

ወደ ቅሉ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበናል። «ዱባ» የሚለው ቃላችን ከዐረብኛው «ዱባእ» ጋር አንድ ነው። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ አንድ ልብስ ሰፊ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምግብ ጋብዞ የገብስ ዳቦና ዱባእ ከቋንጣ ጋር ያለበት መረቅ አቀረበ። ነብዩም በሳህኑ ዙሪያ ዱባእውን እየፈለጉ ይበሉ ነበር። አነስ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱባእ መውደዳቸውን ተናግረዋል። ዩኑስ (ዐ.ሰ) ከዓሣው ሆድ ሲወጡ አላህ (ሱ.ወ) ያበቀለላቸውን «የቅጢን»ም ብዙዎቹ ሙፈሲሮች ዱባእ ነው ብለው ተርጉመውታል፤ ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ጥላ ይሆናልና። እንግዲህ ዛሬ ዱባ የምንለው ከአሜሪካ የመጣው በዚያ ዘመን በዐረቢያ ስላልነበረ፣ በሐዲሱ የተጠቀሰው ዱባእ የእኛ ቅል የሚመደብበት ዘር ነው፤ ለጋው ይበላል፣ የደረቀው ዕቃ ይሆናል። አበቃቀሉ ለየቅል የተባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

የዕቃነቱም ነገር በሐዲስ ተመዝግቧል። የዐብዱል ቀይስ ልዑካን ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጡ ጊዜ በአራት ዓይነት ዕቃ መጠጥ እንዳይዘፈዝፉ ተከልክለዋል፤ ከአራቱ አንዱ ዱባእ ነበር። ምክንያቱ ቅሉ አልነበረም፤ የተዘፈዘፈው ነገር በውስጡ ሳይታወቅ ቶሎ ስለሚያሰክር ነው። በኋላ ዕቃው ተፈቅዷል፣ አስካሪው ግን ተከልክሎ ቀርቷል። በሀገራችን ገጠር ቅሉ ፍሬው ወጥቶለት፣ በወይራ ታጥኖ ወተት ይናጥበታል፤ ትንሹም ሽክና ሆኖ ይጠጣበታል። እንግዲህ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ማድረቅ በራሱ ምንም ነውር የለበትም። ልዩነቱ ከወጣ በኋላ ምን ተደረገበት በሚለው ላይ ነው።

ቢላዋው ወይስ ቡርሹ?

በሥራው ብቻ ከመዘንነው ቡርሹ ይሻላል። የዱባ ቆዳ ጠንካራና የሚያዳልጥ ስለሆነ ቢላዋው ሸርተት ይልና የልጁን እጅ ያገኘዋል፤ በየዓመቱ በዚህ ሰበብ ሐኪም ቤት የሚሄዱ ልጆችና አዋቂዎች አሉ። ሻማውም ለለበሱት ረጅም ቀሚስ የእሳት አደጋ ነው። የተቀረጸ ዱባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻግታል፣ ይኮማተራል፣ ዝንብ ይሰበስባል። ያልተቆረጠ ዱባ ግን ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት እንደሚቆይ እናቶቻችን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ቀለም የሚቀባ ሰው ጉቶው ያልተነቀለ፣ ቁስል የሌለበት ዱባ ይምረጥ፤ አጥቦ በደንብ ያድርቀው፤ ቆዳው ሰም መሰል ልባስ ስላለው ሳይታጠብ ቢቀቡት ቀለሙ አይዝም። በኋላ ሊበሉት ካሰቡ በውሃ የሚለቅ የልጆች ቀለም ብቻ ይሁን፤ ታጥቦ ቆዳው ወፈር ተደርጎ ይላጣል። በዘይት ቀለም ወይም በሚረጭ ቀለም የተቀባውን ግን ወደ ድስት መክተት አይገባም፤ በእነዚህ የተቀባ ዱባ ሳይቆረጥም የባከነ ምግብ ነው።

መቀባት ለበጎ ሥራም ውሏል። በአሜሪካ የተወሰነ ምግብ ሲበሉ ሰውነታቸው የሚቆጣ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አንዲት ኦቾሎኒ ለሞት ልታደርስ ትችላለች። ከ2014 እ.ኤ.አ ጀምሮ በሀገር አቀፍ ደረጃ በተስፋፋ ዘመቻ፣ ከምግብ ሌላ ስጦታ ያዘጋጀ ቤት ዱባውን አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ደጃፉ ላይ ያስቀምጣል፤ እናትየውም ቀለሙን አይታ ልጇን ያለ ስጋት ታስገባለች። ፊት የለበትም፣ ጥርስ የለበትም፣ ቀለም ብቻ ነው።

የፊቱ ጉዳይ

ቀለም መቀባትና ፊት መሳል ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። ሩሕ ያለውን ፍጥረት ምስል መሥራትን የሚመለከቱ ሐዲሶች ከባድ መሆናቸው ይታወቃል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) መተዳደሪያው ሥዕል የሆነ ሰው ወደ እሳቸው በመጣ ጊዜ ሐዲሱን ከነገሩት በኋላ፣ የግድ የምትሠራ ከሆነ ዛፍንና ሩሕ የሌለውን ሣል ብለው መውጫ አሳይተውታል። ሰውየውን ከሥራው ሳያፈናቅሉ ነው የመለሱት፤ ይህ ለወላጅ ትልቅ ትምህርት ነው።

ዑለማዎቹ በዝርዝሩ ይለያያሉ። ኢማሙ ነወዊ ጥላ ያለውንም የሌለውንም አንድ አድርገው ይከለክላሉ። በማሊኪ መዝሀብ ግን ቅርጽ ያለው ተለይቶ ይታያል፤ በወረቀትና በግድግዳ ላይ የተሣለው የተጠላ እንጂ የተከለከለውን ያህል አይከብድም። የሚደንቀው፣ በ1201 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ግብፃዊው ሸይኽ አሕመድ አድ-ደርዲር የማይቆይ ምስልን ሲያብራሩ የሰጡት ምሳሌ የሐብሐብ ልጣጭ ነው! አካሉ የተሟላ እንስሳ ከሆነ ቶሎ የሚበሰብስ ቢሆንም በሚዛን የደፋው አቋም ክልከላ ነው ብለዋል፤ በመዝሀቡ ውስጥ በዚህ ያልተስማሙም ነበሩ። ማንም ሃሎዊንን ባልሰማበት ሀገር ልጣጭ ላይ ስለሚሠራ ምስል መጻፋቸውን ልብ ይሏል። ያለ አካል ራስ ብቻ ሲሆንስ? በዚህም ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ፈትዋውን ለባለቤቶቹ እንተወው። እኔ የምለው ከሦስት ማዕዘን ዓይን ይልቅ ቅጠል፣ ሐረግ፣ የሐረር ሞሰብን የመሰለ መስመር ቢሣልበት ልጁም የሚያጣው ነገር የለም፣ ወላጅም ከጥርጣሬ ይድናል።

ማስፈራራቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አቡ ዳዉድ እንደዘገቡት፣ በጉዞ ላይ ከሶሓቦች አንዱ እንቅልፍ በወሰደው ጊዜ ጓደኞቹ ለቀልድ ዕቃውን ወስደውበት በድንጋጤ ሲነሳ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድ ተናግረዋል። ነገር ግን ፈረንጁን ብቻ መውቀስ አይገባንም። «አያ ጅቦ መጣልህ!» እያልን ያላደግን ስንቶቻችን ነን? ሐረሮች በዐሹራ ዕለት ገንፎ በቅቤ ለጅብ ሲያቀርቡ፣ እኛ ያንኑ ጅብ ልጅ ማስተኛ አድርገነዋል። የተቀባ ዱባ ለልጃችን አስፈሪ ነው ብለን ስንቃወም በራሳችን አፍ ያለውንም ጭራቅ ብንተወው ይበጃል።

ከቤት ቤት መዞርም ባዕድ አይደለም። የባሕረ ሰላጤው ዐረብ ልጆች በረመዳን አጋማሽ ምሽት እየዘመሩ ዞረው ለውዝና ጣፋጭ ይሰበስባሉ። በእኛም ሀገር የቡሄን ሰሞን ሆያ ሆዬ የማያውቅ የለም። ስለዚህ በሚኒያፖሊስ ያለ አባት ልጁን «የእነሱ ልጆች ይጫወታሉ፣ አንተ ግን ቤት ተቀመጥ» ሲል ልጁ የሚሰማው እምነቱ ደስታ እንደሌለው ነው። ለበዓሉ አንሰለፍም፤ ሙታን ይመላለሱበታል የሚባል ሌሊት የእኛ አይደለም፣ የሀገራችን ክርስቲያኖችም አያውቁትም። ይህን ለመምህሯ በጨዋ ቃል አስቀድሞ ማስረዳት ይቻላል። ነገር ግን ዱባው ቤት ከገባ በኋላ መጣያ ውስጥ መወርወር የለበትም።

ልጁ ሐረጉንና ቅጠሉን ይሣልበት፤ ሳምንት ይቆይ፣ እንግዳም ይየው። ከዚያ እናቱ አጥባ፣ ልጣ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ታቁላላው። ዱባ ውሃ ስለሚያወጣ መረቁን መጀመሪያ ማብዛት አያስፈልግም። ፍሬው ከጭረቱ ተለይቶ ይታጠብ፣ ጨው ነካ ተደርጎ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ከዚያም በለዘበ እሳት ይቆላ። መቁላቱን ዱባውን ለቀባው ልጅ መተው ነው።